«አባይድ» እና «ኖር»

እንግሊዝኛ የሚማር ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን የውል ሰነድ ይዞ መጣና «አባይድ ባይ» የሚለው ላይ ጣቱን አስቀምጦ ትርጉሙን ጠየቀኝ። «ሕግን ማክበር፣ ለውሉ መገዛት ነው» አልኩት። ጻፈው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አያቱ አማኝ ናቸው፤ ዮሐንስ 15ን በእንግሊዝኛ ከፍቶ፣ «እዚህም ያው ግሥ አለ። ቅርንጫፍ ለግንዱ የሚያከብረው ምን ሕግ አለ?» አለኝ።

ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ ያንን ክፍል የማነበው ልክ እንደ ውል ነበርና። ስንት ሰዓት ጸለይኩ፣ ስንት ምዕራፍ አነበብኩ እያልኩ እቆጥር ነበር። ባጎደልኩ ቀን ተቆርጬ የተጣልኩ ይመስለኛል። ይባስ ብሎ ይፋግ ያሉትን ቤተሰቦቼን መጠየቅ ትቼ ነበር፤ ራሴን መጠበቄ ነው ብዬ።

መዝገበ ቃላት ከፈትን። «ባይ» ሲከተለው ለሕግ መገዛት ነው፤ የውልና የፍርድ ቤት ቋንቋ። «ኢን» ወይም «ዊዝ» ሲከተለው ግን መቆየት፣ መኖር ነው። ይህኛው አጠቃቀም ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝሙር ውጭ እምብዛም አይሰማም። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም የተጠቀመበት በዚህ ስሜት ነው። የግሪኩ ቃል ሜኖ ነው፤ ሉቃስ 24 ላይ የኤማሁስ መንገደኞች እንግዳው አብሯቸው እንዲያድር ግድ ሲሉትም ያው ቃል አለ። ባልደረባዬ የቻይንኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቻንግ ዛይ» እንደሚል ነገረኝ፤ ዘወትር እዚያው መገኘት ማለት ነው። የእኛው አማርኛ ደግሞ «ኑሩ» ይላል። ስንቴ አንብቤ አልፌዋለሁ!

እርግጥ ቁጥር 10 ትእዛዝ መጠበቅን ያነሳል፤ አልዘለውም። ነገር ግን ቅርንጫፉ ግንዱ ላይ ያለው ከማፍራቱ በፊት ነው።

በዚያው ዓመት ከባሕር ዳር ተነስቼ፣ ወረታን አልፌ ይፋግ ገባሁ። ስንት ጥያቄ ይጠብቀኛል እያልኩ መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ደጃፉን ሳልፍ ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤቶች ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ። «በእግዜር» አልኩ፤ ከልጅነቴ የማውቀው መልስ ነው። «ኖር» ያው መኖር መሆኑን ግን ያኔ ገና ማስተዋሌ ነው። እናቴ ስንት ቀን እንደምቆይ እንኳ አልጠየቀችኝም። መደቡ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።