ከውሃ ሰልፍ የተማርኩት ጓደኝነት



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጓደኝነት ጥቂት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ተረትና ምሳሌ አልነበረም፤ አንድ ቢጫ ጄሪካን ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ ወታደር ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ወደ ዚምባብዌ ከሄዱ በኋላ እሱ የነበረበት ጦር ተበተነ። እናቴ ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር እኔን ይዞ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ። ዋልዳ በሚባለው ካምፕ ጥቂት ከቆየን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ካኩማ ተዛወርን። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴ «ጓድ» የሚለውን ቃል መስማት አይወድም ነበር። በደርግ ዘመን ቃሉ በሹማምንት ስም ፊት የሚቆም ማዕረግ ሆኖ ነበርና ነው። «ጓድ እያሉ ወደ ግንባር የላኩን ሰዎች ቀድመውን ሄዱ። እግሬ ሲቆስል የሸሚዙን እጅጌ ቀድዶ ያሰረልኝ ግን ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ የወሎ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር። በልጅነቴ ነገሩ አልገባኝም፤ አባቴ ያለፈውን እያነሣ የሚቆጭ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት በመጀመሪያ የተቀበለው ከሱዳን የመጡ ስደተኞችን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር ሺህ የሚበልጡት ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ነበሩ። አገራችንን ያውቋታል። የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በፉኝዶ፣ በኢታንግና በዲማ ካምፖች ለዓመታት ኖረዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እኛ ወደ ደቡብ ስንሸሽ እነሱም ወደ ሸሹት ጦርነት ተመለሱ። ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ብዙዎች ሰጠሙ። የተረፉት፣ ታላቁ ታናሹን እየመራ፣ ብዙ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ካኩማ ደረሱ።

በቦኖው ሰልፍ ዘወትር ከፊቴ የሚቆመው ልጅ ከእነሱ አንዱ ነበር። ፉኝዶ ሳለ የለቀማት ትንሽ አማርኛ ነበረችው። ውሃው የሚለቀቀው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ሄዶ ጄሪካን ተራ ማስያዝ ግድ ነበር። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አባቴ በእግሩ ምክንያት ውሃ መሸከም አይችልም። ያ ልጅ ማንም ሳያዘው ጄሪካናችንን ከራሱ ጋር ተራ እያስያዘ፣ ቀድቶም እያመጣ ከበራችን ያስቀምጥልን ነበር። ከዳንኩ በኋላም ጄሪካናችን ከእሱ ዘንድ ማደሯን ቀጠለች፤ ጠዋት እሱ ተራ ያስይዛታል፣ እኔ ደርሼ ሁለቱንም አብረን እንሸከማለን።

በትምህርት ቤት ደግሞ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሁለት ተሰጠን። አንድ ሌሊት እሱ ዘንድ፣ አንድ ሌሊት እኔ ዘንድ እንዲያድር ተስማማን። ፈተና በተቃረበ ጊዜ ግን ክፉ ሐሳብ ገባኝ። የእሱ ተራ ሲደርስ «መጽሐፉን አንድ ልጅ ወስዶ አልመለሰልኝም» ብዬ ዋሸሁት። ሦስት ሌሊት በኩራዝ ብቻዬን አጠናሁ። ውጤት ሲነገር እኔ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ፤ እሱ ሒሳብ ወደቀ።

በዚያው ቀን ውሃ ይዞልን ሲመጣ አባቴ ምንም ሳያውቅ «መጽሐፋችሁ ይኸው» ብሎ ከፍራሼ ሥር አውጥቶ ሰጠው። ልጁ መጽሐፉን አየ፤ እኔን አየ፤ አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ።

በማግስቱ በኀፍረት አርፍጄ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ጄሪካናችንን ከሰልፉ ውጭ ተጥላ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ከእሱ ጄሪካን ቀጥላ ቆማለች። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ፊቱን አዞረና በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «ውሃ ለአባት ነው። አንተ ገና ነህ» አለኝ።

አባት የሌለው ልጅ ለእኔ አባት ውሃ ተራ ይዞ ነበር። እኔን ግን ይቅር አላለኝም። ሁለቱንም ነገር በአንድ ቀን ማድረግ እንደሚቻል ያን ጊዜ ተማርኩ።

ማታ ለአባቴ እውነቱን ነገርኩት። አልመታኝም። የገበሬ ልጅ ነውና ስለ ወንፈል አነሣልኝ። «በወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ ታርሳለህ፤ ነገ እኔ ያንተን አርሳለሁ። የሰው ቀን በልቶ የራሱን ቀን የሚከለክል ሰው ለከርሞ ብቻውን ያርሳል። አንተ የሰው ሌሊት በልተሃል» አለኝ። ከዚያም «መጽሐፉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እሱ ዘንድ ይደር። ማንበብ ካማረህ ሄደህ ከእሱ ቤት ተቀመጥ» ብሎ ፈረደብኝ።

ሄድኩ። አራት ማታ ሳንነጋገር ተቀመጥን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ ከሩቅ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። በአምስተኛው ማታ ኩራዙን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አስጠጋው። እርቃችን ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ሁለታችንም አለፍን።

ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት 3,800 ያህል የሱዳን ወጣቶች አንዱ ሆነ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ አስተማሪም ሆንኩ። አልፎ አልፎ ሲደውል ከሰላምታ በፊት «ተራው የማን ነው?» ይለኛል።

ታዲያ ይህን አሮጌ ታሪክ ዛሬ ለምን አነሣሁት? እ.ኤ.አ. በ2025 በካምፓችን ራሽኑ በብርቱ ተቀነሰ፤ ቤተሰቦችም እንደ ችግራቸው መጠን በምድብ ተለዩ። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ አዲስ ጥያቄ እሰማለሁ፤ «አንተ ስንተኛ ምድብ ነህ?» ይባባላሉ። አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ልጆች በዚህ ምክንያት ተለያይተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። አንዱ ቤት እህል ገባ፤ ከሌላው ቤት ቀረ። ይህን ልጆቹ አላመጡትም፤ ሊለውጡትም አይችሉም። አግዳሚውን ግን የለቀቁት ራሳቸው ናቸው።

ልጆቼ፣ ጓደኝነት መዋደድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ጄሪካናችን ከሰልፍ በወጣች ነበር። ጓደኝነት የሌላውን ተራ መጠበቅ ነው፤ በተጣላችሁበት ቀን ጭምር። ደግሞም አትሳሳቱ፤ ጓደኛን በፈተና ማስኮረጅ፣ ጥፋቱንም መደበቅ ጓደኝነት አይደለም። ያ ልጅ ውሃውን አልከለከለኝም፤ ጥፋቴንም አልሸፈነልኝም።

ወላጆች ሆይ፣ በእኛም ዘንድ ያለ ነገር አለ። በየብሎካችን ሰው ሲሞት የምናዋጣበትና የምንቀብርበት ዕድር የቆመው ሁላችንም እኩል ስላለን አይደለም፤ የእያንዳንዳችን ተራ እንደሚደርስ ስለምናውቅ ነው። እንግዲህ በማዕድ ዙሪያ ስለ ጎረቤት ምድብ ስናወራ ልጆቻችን ይሰማሉ። የምንናገረውን ይዘው ወደ ክፍል ይመጣሉ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። በመጨረሻው ዓመቱ አንድ ቀን ያ ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ ድምፁን ሲሰማ «ጓዴ፣ ደህና ነህ?» አለው። ቃሉን ከአፉ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቸር ይግጠመን።