የሰው እጅ

በእኛ ዘንድ «ለሰው እጅ ሰጠ» የሚለው አነጋገር መልካም ስም የለውም። ልጅን ለሰው እጅ መስጠትም ሆነ አረጋዊን ለሰው እጅ መስጠት ጎረቤትን የሚያንሾካሹክ ነገር ነው። እናቴን የሚያስታምም ሰው ለመቅጠር ባሰብሁ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ የገንዘብም የሙያም አልነበረም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ነበር። ዛሬ ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ መለስ ብዬ ስመለከተው፣ ያ አንድ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ሸፍኖብኝ እንደ ነበር ይታየኛል። በዚህ በሐርጌሳ ከተማ ስንኖር እናትና አባት እያረጁብን ያለን ሰዎች ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ የእኔ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ቢሆን በማለት የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። ከድሬዳዋ ተነሥቼ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደዚህ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያ እንጀራዬን ያገኘሁትም ጅግጅጋ የር በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት በማስታመም ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ «አዬዮ» ይላቸው ነበር፤ በሶማልኛ «አያቴ» እንደ ማለት ነው። እኔም አዬዮ እላቸው ነበር። ከአልጋ አነሣቸዋለሁ፤ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውኃ አፈስላቸዋለሁ፤ ሻይ በወተት አጠጣቸዋለሁ። ልጆቻቸው ደጎች ነበሩ፤ ደመወዜን አላስቀሩብኝም፣ ክፉ ቃልም አልተናገሩኝም። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ «ለመሆኑ ሌሊት ትተኛለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ከአልጋቸው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አንድ ዐይኔን ከፍቼ አድር ነበር። ዓርብ ከተማው ሁሉ ሲያርፍ እኔ አላርፍም። ያን ጊዜ በልቤ «እኔ አንድ ቀን ሰው ብቀጥር እንዲህ አላደርግም» ብዬ ነበር። በኋላ የሒሳብ ሥራ ተማርሁ፤ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጠርሁ፤ ቤት ተከራየሁ። በልቤ ያልሁትን ግን ረሳሁት።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴን ከድሬዳዋ አምጥቼ ከእኔ ጋር አስቀመጥኋት። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. አንድ ጧት ቡና ስትጠጣ ሲኒው ከግራ እጇ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ ልታነሣው ስትል እርሷም ወደቀች። ስትሮክ ነበር። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ ጎኗ ግን አልታዘዝ አለ፤ ንግግሯም ተጎታተተ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ ሦስት ነገር አስጠነቀቀን። በየሁለት ሰዓቱ እንድናገላብጣት፤ ስንመግባት ቀጥ አድርገን እንድናስቀምጣትና እህሉ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ በዝግታ እንድናጎርሳት፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን «ተሽሎኛል» ብትል እንኳ እንዳናቋርጥ። ሦስቱንም በጥሞና አዳመጥሁ፤ «እሺ» አልሁ። በየሁለት ሰዓቱ ማለት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ማለት መሆኑን ግን፣ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ፣ አላሰላሁትም።

ከወሎ የመጣች አንዲት ልጅ አገኘሁና ቀጠርኋት። የጠየቅኋት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ «ከየት ነሽ? ማን ያውቅሻል? ስንት ትፈልጊያለሽ?» ጎረቤቶቼም የመከሩኝ ይህንኑ ነው። እንዲያውም አንደኛዋ የእናቴን የወርቅ ጉትቻ አውልቄ እንድቆልፍበት አሳሰበችኝ። ወርቁን ቆለፍሁ። የእናቴን ገላ ማን እንደሚጠብቀው ግን ለራሴም አልመለስሁም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማታ የእናቴን ካልሲ ሳወልቅ በግራ ተረከዟ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቁስል አየሁ። ጮኽሁ። ልጅቱን ጠርቼ የማይባለውን ሁሉ ተናገርኋት። እርሷም ዐይኗን ወደ መሬት ተክላ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ ቀን እጋግራለሁ፣ አጥባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፤ በመካከል እማማን አገላብጣለሁ። ሌሊት ማን እንደሚያገላብጣቸው ግን አልነገሩኝም።» ሌሊት እኔ በሌላው ክፍል በር ዘግቼ እተኛ ነበር። ያን ምሽት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አዬዮ ትዝ አሉኝ፤ ከአልጋቸው ሥር የተነጠፈው ፍራሽም ትዝ አለኝ። ትናንት በእኔ ላይ የሆነውን ዛሬ እኔው በሌላዋ ላይ አድርጌው ነበር፤ ዋጋውንም የከፈለችው እናቴ ናት።

በማግሥቱ ቶሮንቶ ካለው ወንድሜና አዲስ አበባ ካለችው እኅቴ ጋር በስልክ ተማከርን። ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ አንቺ ብቻ ጥሩ ሰው ፈልጊ» አለ። እኅቴ ወደ አዲስ አበባ ብንወስዳት አለች፤ አክላም የመቄዶንያን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አነሣች። ማዕከሉ የሚያነሣው ግን ወድቀው ደጋፊ ያጡትን ነው፤ እናታችን ሦስት ልጆች እያሏት የእነዚያን አልጋ መሻማት ነውር ሆነብን። ስለዚህ በቤት እንድትታመም ተስማማን። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኞቹ ጥያቄዎች አንድ በአንድ የመጡት።

የመጀመሪያው «ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። አንድ ወረቀት ወስጄ የእናቴን ሃያ አራት ሰዓት ከጧት እስከ ጧት ጻፍሁት። ጽፌ ስጨርስ አንድ ሥራ ያልሁት ሦስት ሆኖ አገኘሁት። ቁስል ማጠብ፣ ግፊት መለካትና መድኃኒት መቆጣጠር የነርስ ሥራ ነው። ማጠብ፣ መመገብ፣ ማገላበጥና ማንቀሳቀስ የአስታማሚ ሥራ ነው። ወጥ፣ ልብስና ጽዳት ደግሞ የቤት ሥራ ነው። እኔ ሦስቱንም በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ፣ በአንድ ደመወዝ አስቀምጬ ነበር። ስለዚህ ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን እንድትመጣ፣ ልጅቱ ከቤት ሥራ ተላቅቃ ማስታመሙን ብቻ እንድትይዝ፣ ሌሊቱን እኔና እርሷ በተራ እንድንካፈል ወሰንን። እንጀራም ከሚሸጡ ሴቶች መግዛት ጀመርሁ።

ሁለተኛው «ሙያዋን በምን እናውቃለን?» የሚለው ነው። በዚህ ከተማ የሠለጠነ ነርስ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። በእንግሊዝ አገር በነርስነትና በአዋላጅነት የተማሩት ኤድና አደን እስማኤል እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የከፈቱት ሆስፒታል ከሕክምናው ጎን ለጎን ነርሶችንና አዋላጆችን በማሠልጠን የታወቀ ነው። እኔም ወደ ቤቴ ለመጣችው ነርስ ምስክር ወረቀቷን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት፤ ከዚህ በፊት ወደ ሠራችበት ቦታም ደወልሁ። ከወረቀቱ ይልቅ ያሳመነኝ ግን እናቴን ስታነሣት ማየቴ ነው። ከመንካቷ በፊት ምን ልታደርግ እንደ ሆነ ነገረቻት፤ የታመመውን ክንዷን አልጎተተችም፤ ተረከዞቿ አልጋውን እንዳይነኩ ከባቷ ሥር ትራስ አደረገች። ከዚያም ልጅቱን ጠርታ ቁስል ከመከፈቱ በፊት እንዴት እንደሚታወቅ አሳየቻት። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ ቦታው መሞቁን፣ መጠንከሩን ወይም ከሌላው መጥቆሩን በእጅ ዳስሶ መለየት ያስፈልጋል። የእናቴን ቁስል ሳንመለከተው የቀረነው እኔም ልጅቱም ይህን ባለማወቃችን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ቤተ ሰብ ጨርሶ የማያነሣው ነው፤ «እርሷስ መቼ ታርፋለች?» ሕግ ለዚህ እምብዛም አይደርስልንም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ፣ እንደ ቀደመው አዋጅ ሁሉ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን አውጥቶ ለሌላ ደንብ ትቶታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ባጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189፣ ሠራተኛዋ በሳምንት ያልተቋረጠ ቢያንስ የሃያ አራት ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራት ይላል። እኛም ይህንኑ ልክ አድርገን ያዝን። ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ልጅቱ የራሷ ናት። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ያልተኛ ሰው መድኃኒት ይደግማል፣ በሽተኛ ይጥላል።

አራተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የነርሷ ክፍያ ከልጅቱ ደመወዝ እንደሚበልጥ ስናውቅ ወንድሜ ለጊዜው ዝም አለ። የቁስሉን ፎቶግራፍ ላክሁለት፤ ዝምታው አበቃ። ከዚያ ወዲያ እርሱ በየወሩ መጀመሪያ ይልካል፤ እኔ በዛድ ለሁለቱም እከፍላለሁ። ከፋዩ አንድ መሆኑ ጠቃሚ ነው፤ «እርሱ የላከ መስሎኝ» የሚባል ነገር አይኖርም፤ በስልክ የተከፈለም ቀኑና መጠኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከልጅቱ ጋር በአማርኛ፣ ከነርሷ ጋር በሶማልኛ አንዳንድ ገጽ ውል ተጻጻፍን፤ ሥራው፣ ሰዓቱ፣ ክፍያው፣ ዕረፍቱ፣ ብትታመም ምን እንደሚሆን፣ ለመለያየትም ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር አሰፈርንበት።

አምስተኛው «የሚያዝዘው ማን ነው?» የሚል ነው። አንድ ማታ ወንድሜ ከቶሮንቶ ደውሎ ልጅቱን አንድ ኪኒን እንድትተው ነገራት፤ አንድ ሐኪም ጓደኛው መክሮት ነበር። በማግሥቱ ተጣላን፤ ከጠቡ ግን ሥርዓት ወጣ። መድኃኒት የሚለውጠው እናቴን የሚያያት ሐኪም ብቻ ነው፤ የቤቱን ነገር የምወስነው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የሚናገሩት ለእኔ ነው። በአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር ተቀመጠ፤ የተገላበጠችበት ሰዓት፣ የበላችው፣ የደም ግፊቷ ይጻፍበታል። በሽፋኑ ውስጥ የሐኪሙና የአንድ የታመነ ሹፌር ስልክ አለ፤ ከሥሩም ፊቷ ቢጣመም፣ እጇ ድንገት ቢዝል ወይም አንደበቷ ቢታሰር ለሰው ሳይነግሩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንደሚገባ ተጽፏል።

የቋንቋና የሃይማኖት ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከሁሉ የቀለለው እርሱ ሆነ። ነርሷ ገና ከመጀመሪያው ቀን እናቴን «ሆዮ» አለቻት፤ እናቴ ይህን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በሽተኛ ከጾም ነጻ ነው ብንላትም እናቴ ረቡዕና ዓርብ ወተት አልጠጣም ብላ ስትጨቃጨቅ፣ ራሷም ረመዳንን የምትጾመው ነርስ ነገሩን ከእኛ በተሻለ ተረዳችና መድኃኒቱን በሌላ ምግብ እንድንሰጣት መከረችን።

የመጨረሻው ጥያቄ ፊተኛ መሆን የነበረበት ነው። ይህን ሁሉ ስንመካከር እናቴ በዚያው ክፍል ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ስዘጋ በዚያ በሚጎተት አንደበቷ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። አፈርሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ጠየቅኋት። የፈለገችው ጥቂት ነገር ነበር። ገላዋን ወንድ እንዳያጥባት፤ ጧት በሩ ተከፍቶ መንገደኛውን እንድታይ፤ ቡና ሲፈላ ከሌላ ክፍል ሳይሆን እርሷ ባለችበት እንዲፈላ። ከዚያም ጸጉሯን ዳሰሰችና «ይህን ግን አንቺ ሥሪኝ» አለችኝ። ሰው ምን ይለኛል እያልሁ ስሠቃይ፣ እርሷ የእኔን ድርሻና የሰውን ድርሻ በአንድ ቃል ለየችልኝ።

ቁስሉ በአራተኛው ወር ተገጠመ። ልጅቱም እስከ ዛሬ አብራን ናት፤ ዓርብ ጧት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ እናቴ በተከፈተው በር ትሸኛታለች። ያን ዕለት እኔ የእናቴን ጸጉር አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ እጎነጉናለሁ፤ ጉትቻዋንም ከተቆለፈበት አውጥቼ መልሼላታለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቴ መጥታ አባቷ ከአልጋ እንደ ዋሉ ነገረችኝና «ታማኝ ልጅ ታውቂልኛለሽ?» አለችኝ። ቡና አቀረብሁላት። ከዚያም «ለመሆኑ ሌሊት ማን ያገላብጣቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁና ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምረን አብረን መጻፍ ጀመርን።