ባሕር የሌለው ጨው ውሃ

እኛ ደብረ ማርቆሶች ባሕር የለንም፤ ጨው ውሃ ግን እንበጠብጣለን። ባሕር ማዶ፣ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ለ1 ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ለክተው፣ ክሎሪኑን አስወግደው፣ በተከደነ በርሜል ያስቀምጡታል። አንዳንዱ ሳምንት ይከርማል።

የእኛ ጨው ውሃ ልጅ ሲያስቀምጠው የምናጠጣው ነው፤ "ሕይወት አድን ንጥረ ነገር"። የጄሪካኑን ውሃ አፍልተን እናቀዘቅዛለን፤ በ1 ሊትር ሃይላንድ ለክተን አንድ ሙሉ ፓኬት እንበጠብጣለን። ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ፣ "በግምት" የሚባል ነገር የለም! ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳል፤ ውሃ ከበዛ ከሰውነቱ የወጣውን አይተካም። መጠጣት ካቃተው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።

24 ሰዓት ያለፈውስ? አያሳሳን፤ እንድፋው። የዓሣው ውሃ ይክረም፤ የልጃችን ግን የዕለቱ ይሁን።