«ደህና ቤት»

ባለፈው ጥር የ13 ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ይጁቤ ሄድኩ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ በዓባይ በኩል ያለች ከተማ ናት፤ በነርስነት ሠርቼባታለሁ። ቡና ያፈላችልን የድሮ ጎረቤቴ ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና «ደርሳለች እኮ! ለደህና ቤት ስጧት» አለች። እኔ ሳቅሁ፤ ልጅቷ አልሳቀችም።

ስንመለስ ደብረ ማርቆስን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ከተማ፣ እያሳየኋት ስለ «ደህና ቤት» አጫወትኳት። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ የጎጃምን ዘውድ ተቀብለው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በዓመቱ ከዓባይ ማዶ፣ እምባቦ ላይ፣ በምኒልክ ተማረኩ። ኋላ ግን ሁለቱ ቤቶች ተጋቡ፤ የልጃቸው የራስ ኃይሉ ልጅ ሰብለ ወንጌል ለምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ለልጅ ኢያሱ፣ ተዳረች። የአውሮፓ መሳፍንትም እንዲሁ ነበሩ። ከጀርመን የወጣው የሳክስ ኮበርግ ቤት ከፖርቱጋልና ከእንግሊዝ ዙፋን የደረሰው በሠርግ ነው።

የእኛዎቹ ግን ብዙ አልቆዩበትም። ኢያሱ በ1909 ተሻሩ። በ1924 ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ታሰሩ፤ ጎጃምንም ሀብታቸውንም አጡ።

«ሰብለ ወንጌልንስ ማን ጠየቃት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ትዝ ያሉኝ ያኔ ምጥ ጠንቶባቸው በቃሬዛ ይመጡልን የነበሩ ልጃገረዶች ናቸው። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ የሚመልሱልኝ አባቶቻቸው ነበሩ። ማታ ለጎረቤቴ ደወልኩና «ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሁለተኛ እንዳታነሽው» አልኳት። ተቀየመችኝ መሰለኝ።