በአንድ መስመር የታሰሩ አቶሞች

ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ያስታውሳል። አነጣጥረው የወረወሯት ብይ እኩያዋን ፊት ለፊት ስትመታ፣ የተመታችው ትፈናጠራለች፤ መቺዋ ግን ፍጥነቷን አስረክባ በስፍራዋ ቀጥ ትላለች። ለልጆች ይህ የእጅ ጥበብ ነው። ለፊዚክስ ሊቃውንት ደግሞ ስለ መርሳት የሚነሣ የከበደ ጥያቄ ነው።

ትኩስ ቡና ውስጥ የገባ ማንኪያ መጀመሪያ ጫፉ ይግላል፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ እጀታው ይዘልቃል። እኩል ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱ በየትኛው ጫፍ እንደ ገባ የሚመሰክር ምልክት አይቀርም። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ በ1822 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ጉዞ ሕግ ጽፏል። ሙቀት እንደ ሰካራም መንገደኛ እየተላተመና እየተመለሰ ይሄዳልና፣ እጥፍ ርቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። መላተም ባለበት ሁሉ መርሳት አለ ተብሎም ታመነ።

በ2006 ቶሺያ ኪኖሺታ፣ ትሬቨር ዌንገርና ዴቪድ ዋይስ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን እምነት ፈተኑት። የሩቢዲየም አቶሞችን ከዚያ በታች ብርድ ወደሌለበት ደረጃ አቅርበው፣ በሌዘር ብርሃን በተሠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ አስገቧቸው። በየቱቦው ከ40 እስከ 250 አቶሞች ነበሩ፤ መሄጃቸው ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። ቀጥሎም በሌዘር ምት ሁለት ጭፍራ አድርገው በተቃራኒ አቅጣጫ ሰደዷቸው። ጭፍሮቹ ርቀው ተመለሱ፤ ተገናኙ፤ ተላተሙ፤ ደግሞ ሄዱ። በሰፊ ስፍራ ቢሆን በጥቂት ግጭት በተደባለቁ ነበር። እዚህ ግን ከሺህ ግጭቶች በኋላ እንኳ ሁለቱ ጭፍሮች ሁለት ሆነው ተገኙ።

ምሥጢሩ ያው የብይዋ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት እኩዮች ሲጋጩ ፍጥነት ይለዋወጣሉ እንጂ አዲስ ፍጥነት አይወለድም፤ ባለቤቱ ቢለወጥ መዝገቡ አይለወጥም። እርግጥ አቶም ብይ አይደለም፤ የማዕበልም ጠባይ አለውና ማን ማንን እንዳለፈ መለየት አይቻልም። ይሁንና ኤሊየት ሊብና ቨርነር ሊኒገር በ1963 በፈቱት ስሌት፣ የብዙዎቹ ግጭት በሁለት በሁለት ግጭት ይመነዘራል፤ መዝገቡም ይጠበቃል።

እንዲህ ያለው መስመር አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ እንደ ሰካራሙ አይንገዳገድም፤ በእጥፍ ጊዜ እጥፍ ርቀት ይጓዛል። የተለመደው የፈሳሽ ሕግ የሚያስታውሰው ብዛትን፣ የጉዞ ግፊትንና ኃይልን ብቻ ስለሆነ ለዚህ አልበቃም። በ2016 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው መዝገቡን ሁሉ የሚሸከም አዲስ የፍሰት ሕግ አወጡ።

መዝገቡ ግን የሚጸናው ግጭቱ በቅርብ ለቅርብ እስከሆነ ድረስ ነው። በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው በሩቢዲየም ሳይሆን በዲስፕሮዚየም ነበር። ይህ ብርቱ ማግኔት ነው፤ አቶሞቹ ሳይነካኩም ከሩቅ ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ። በዚያ ቱቦ ውስጥ የተሰደዱት ጭፍሮች ቀስ በቀስ ተደባለቁ።