መስኮቱ ያልተናገረው ገጽ

አብነት አካባቢ በምትገኝ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሥራው ባመዛኙ አቤቱታና የውሳኔ ግልባጭ ነው፤ የልደታው ፍርድ ቤት ሩቅ አይደለም። ጸሐፊዋ በስካነር የተነሡ ገጾችን ፊደል በፊደል እንደገና ትተይብ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበውን ቴሰራክት ጫነላት።

ቴሰራክት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 በሂውሌት ፓካርድ የተሠራ፣ በ2005 ምንጩ ለሁሉም የተለቀቀ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛም ያነባል። የራሱ መስኮት ግን የለውም፤ የሚታዘዘው በጥቁሩ ገጽ ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ቋንቋው ካልተነገረው እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይነሣና የአማርኛውን ገጽ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት አድርጎ ያወጣዋል። «የውሳኔ ግልባጭ» የሚለው የፋይል ስም በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ እንደ ሁለት ስም ይቆጠራል። ጸሐፊዋ ሁለት ቀን ታግላ ወደ ትየባዋ ተመለሰች።

ወንድሟ በፓይተን መስኮት ሠራላት። ቋንቋው አስቀድሞ አማርኛ ሆነ፤ ከ0 እስከ 13 ቁጥር ከተሰጣቸው የገጽ አከፋፈል ምርጫዎች ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ መቀነስ ነበር፤ አሥራ አራቱን መደርደርማ ለትእዛዙ ቀለም መቀባት ብቻ በሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት 40 ገጽ ያለው ውሳኔ መጣ። የይግባኙ ቀነ ገደብ የሚያበቃው በማግስቱ ነበር። መስኮቱ «ተጠናቋል» አለ። ጸሐፊዋ ስታነብ ተከሳሹ እንዲከፍል የታዘዘው ገንዘብ የትም አልተጠቀሰም፤ 17ኛው ገጽ የለም። የምስሉ ፋይል ተበላሽቶ ኖሯል። ቴሰራክት ዝም አላለም፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሥራው ሲሰምር 0፣ ሲከሽፍ ሌላ ቁጥር ይመልሳል፤ ምክንያቱንም በስሕተት መውጫው ይጽፋል። ሁለቱንም ሳያነብ የጣለው መስኮቱ ነው። በጥቁሩ ገጽ የሠራ ሰው ቢያንስ አንዲት የስሕተት መስመር ባየ ነበር።

ጸሐፊዋ ያን ማታ 17ኛውን ገጽ ከወረቀቱ ላይ ተየበች። ወንድሟም መስኮቱን ለወጠው፤ ከእያንዳንዱ ገጽ የሚመለሰውን ቁጥር እየመረመረ ያልተነበበውን በቀይ ያሳያል። ከግርጌው ደግሞ የሚፈጽመውን ትእዛዝ እንዳለ ይጽፋል፤ ለእርሷ ምን ይረባታል ብሎ እያመነታ ነበር የጨመረው።

ባለፈው ወር ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት አስቸገራት። ከግርጌው ያለውን ትእዛዝ ቀድታ በጥቁሩ ገጽ ላይ የአከፋፈሉን ቁጥር ብቻ እየቀያየረች ሞከረች፤ በሦስተኛው ሠራላት።