ከዳሞታ ግርጌ ጎንበስ ብለው የሚጀምሩ ልጆች

ወላይታ ሶዶ በጠዋት የምትነቃ ከተማ ናት። ጎህ ሳይቀድ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ሙዝ፣ አቮካዶና ጎደሬ የተሸከሙ እናቶች ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ገበያ ይመጣሉ። በስተሰሜን የዳሞታ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይታያል። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ሳሮ» ይባባላል፤ ቃሉ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ የሚወስዱት የታወቁ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቡታጅራና በሆሳዕና፣ ሌላው በሻሸመኔና በሃላባ ቁሊቶ በኩል። እኔ በሆሳዕናው መጣሁ። አረካን አልፎ ሶዶ እስኪገባ ድረስ የመንገዱ ዳርና ዳር እንሰት ነው። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። እንግዳ ሲመጣ ዳጣውንና ክትፎውን ይቀምሳል፤ በመስከረም ከመጣ ጊፋታን ያያል፤ ኳስ ወዳድ ከሆነ ስለ ወላይታ ድቻ ሳይነገረው አይመለስም። እኔን በዚህ ጉዞ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባረፍኩበት ቤት በአያትና በእናት መካከል የነበረው ክርክር።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። ሴቷ 11 ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ፣ መምህር ሲጠይቃት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ወንዱ 13 ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሸሚዙ ሳይቀደድ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነበር። እናታቸው ከስምንት ወር በፊት ሁለቱንም ቴኳንዶ አስመዘገበቻቸው። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አያታቸው ግን አልተስማሙም።

የእማማ ቅሬታ ሁለት ነው። «ልጁ ሳይማር እንኳ ሰው ይደበድባል፤ ተምሮማ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ ቡና እየቀዳን። ሁለተኛው የከበደ ነው። ልጆቹ ልምምድ ሲጀምሩ ጎንበስ እንደሚሉ ሰምተዋል። «ልጄ፣ ለሰው ይሰገዳል እንዴ?» ወላይታ የወንጌላውያን እምነት ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሥር የሰደደበት አገር ነው፤ እማማም በዚያ ያደጉ ናቸው። ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታለፍ አልነበረም። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ተከትዬ ሄድኩ።

ቦታው የተከራዩት አዳራሽ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ መሃሉ ላይ ያረጀ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ የጫማዎቹም አሰላለፍ ትምህርቱ አካል ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በቀበቶ ቀለማቸው ተደረደሩ፤ ነጭ ከኋላ፣ ከዚያ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ። ፊት ለፊት ማስተር የሚሉት አሰልጣኝ ቆመ። አንዱ ልጅ «ቻሪዮት!» አለ፤ በኮሪያኛ ቀጥ በሉ ማለት ነው። ሁሉም ጎንበስ አሉ። ልብ ብዬ ያየሁት አሰልጣኙን ነው፤ እሱም እኩል ጎንበስ አለላቸው።

ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ፤ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት። ትእዛዙ በኮሪያኛ፣ ተግሣጹ በአማርኛ፣ ሹክሹክታውና ሳቁ በወላይትኛ ነው። የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ቅንብር ቾንጂ ይባላል፤ ሰማይና ምድር ማለት ነው፤ 19 እንቅስቃሴዎች አሉት። በዚህ ስልት እንዲህ ያሉ ቅንብሮች 24 ናቸው፤ መሥራቹ የቀኑን 24 ሰዓት አስበው ነው ቁጥሩን የወሰኑት። ልጅ ከተሳሳተ አይሰደብም፤ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሲያልቅ ትንፋሽ በአጭሩ ይወጣል። ልምምዱ ሲያበቃ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው በቀስታ ይተነፍሳሉ። ትንፋሽን አርዝሞ ማውጣት የልብ ምትን ቀዝቀዝ እንደሚያደርግ ሐኪሞችም የሚያውቁት ነገር ነው። የተናደደ ልጅን «ረጋ በል» ማለት ቀላል ነው፤ እንዴት እንደሚረጋጋ ማሳየት ግን እንዲህ ያለ ልምምድ ይጠይቃል።

ከቪዲዮ ቤት እስከ ኦሎምፒክ

የዛሬ አያቶችና ወላጆች ብዙዎቹ ይህን ነገር ያወቁት በቪዲዮ ቤት ነው። በሳንቲም ገብተን ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን እያየን፣ ስንወጣ መንገዱን ሁሉ በእርግጫ የሞላንበት ዘመን ነበር። ስለዚህ እማማ ማርሻል አርት ሲባል ድብድብ ቢታያቸው አይገርምም።

የኮሪያና የኢትዮጵያ ትውውቅ ግን ከፊልሙ ይቀድማል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ዘምተው ነበር። ያን ጊዜ ቴኳንዶ የሚለው ስም ገና አልወጣም፤ ስሙ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ እኛ አገር አይቲኤፍ የሚባለውን፣ መሠረቱ። ሌላው የዓለም ፌዴሬሽን በ1973 ተቋቋመ፤ ኦሎምፒክ የሚገባው የእሱ ስልት ነው፤ ሜዳሊያ የሚያስገኝ ውድድር የሆነውም ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ ነው። የእኛው ሰለሞን ቱፋም በቶኪዮው ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ምድብ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። የሶዶ ልጆች ይህን ስም ያውቁታል።

አይቲኤፍ ልጆቹን የሚያስቃላቸው አምስት መርሆች አሉት፤ ትሕትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ። ከመሐላው አንዱ ደግሞ የተማሩትን ያለ አግባብ ላለመጠቀም ነው። ይህ ጌጥ ብቻ ነው ወይስ ለውጥ ያመጣል?

ጎንበስ ማለቱ ሲቀር

ማይክል ትረልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው። ጠባያቸው ያስቸገረ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 34 ታዳጊዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን ቴኳንዶን ከነሥርዓቱ፣ ከነአክብሮቱና ከነጥሞናው ተማረ። ሁለተኛው እርግጫውንና ቡጢውን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስን የመሰለ ስፖርት ሠራ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነትና ጭንቀት ቀነሰ፤ በራስ መተማመኑም ጨመረ። እርግጫውን ብቻ የተማሩት ግን ከበፊቱ ይበልጥ ጠበኞች ሆኑ።

ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠራ ስለሆነ ለሁሉም ይሠራል ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን በ2004 ሌክስና ሆይት የተባሉ ተመራማሪዎች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ባሉ 207 ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ለሦስት ወር በትምህርት ቤታቸው ቴኳንዶ የተማሩት ልጆች መደበኛውን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከተከታተሉት ይልቅ ራስን በመግዛትና በክፍል ጠባይ ተሻሽለው ተገኝተዋል።

እንግዲህ የእማማ ሁለት ቅሬታዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው ማለት ነው። ልጁ ደብዳቢ እንዳይሆን የሚጠብቀው፣ እሳቸው የፈሩት ያ ጎንበስ ማለት የሚያመጣው ሥርዓት ነው። ይህን ለአሰልጣኙ ስነግረው ሳቀ። «እማማ በር ላይ ሽማግሌ ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። «ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ሰላም ይላሉ። ስግደት ነው እንዴ? የእኛም ያው ነው።»

አሰልጣኙ የሶዶ ልጅ ነው። እንደ ብዙ የወላይታ ልጆች በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ጫማ ጠርጓል፣ ሎተሪ አዙሯል። ትልልቅ ልጆች የዋለበትን ሳንቲም ሲቀሙት አንድ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ማታ ማታ ልምምድ ጀመረ። «ታዲያ አስመለስክ?» አልኩት። «ሳንቲሙን አይደለም» አለ። «እነሱን ፈርቼ መንገድ መቀየር ግን ተውኩ።» በራስ መተማመን የሚባለውን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

ዳሞታን በትንሿ ልጅ እርምጃ

እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ዳሞታን ይወጣሉ ተባልኩና አብሬ ሄድኩ። ተራራው ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በምዕራባዊ ወገቡ የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ይገኛል፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች የተገለገሉባቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች ያገኙበት ቦታ ነው። እኛ የወጣነው ግን ከከተማው በኩል ባለው መንገድ ነው። ከላይ ሆኖ ቀኑ ከጠራ የአባያ ሐይቅ በሩቁ ይታያል።

ሕጉ አንድ ነው፤ ሰልፉ የሚሄደው በመጨረሻዋ ትንሽ ልጅ እርምጃ ነው። የእማማ የልጅ ልጅ፣ ያ ሸሚዝ ቀዳጁ፣ ከፊት ነበር። እግሩ ይቸኩላል፤ በየመታጠፊያው ግን ቆሞ ወደ ኋላ ያያል። አንድ ጊዜ ሊበሳጭ ሲል አየሁት፤ ትከሻው ከፍ አለ፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም።

እህቱስ? አሁንም ዝምተኛ ናት፤ ቴኳንዶ ለፍላፊ አላደረጋትም። ነገር ግን ከወር በፊት በትምህርት ቤት ደጃፍ አንድ ልጅ ቦርሳዋን ሲጎትት አልመታችውም፣ አላለቀሰችምም። እግሯን አጽንታ ቆማ «ልቀቅ!» አለችው፤ ድምፅዋ ሱቁ ድረስ ተሰማ። ባለ ሱቁ ወጣ፣ ልጁም ለቀቀ። «ፈርተሽ ነበር?» አልኳት። «አዎ ጋሼ፣ ግን ድምፄ ወጣ» አለችኝ።

ወንዱ ልጅም ፈጽሞ ተለውጧል አልልም። በእነዚህ ስምንት ወራት ሁለት ጊዜ ተጣልቷል፤ አንደኛው ላይ አሰልጣኙ ለሦስት ሳምንት ቀበቶውን አውልቆ ከኋላ ረድፍ አቁሞታል። እናቱ እንደምትለው ያን ሳምንት ያለቀሰውን ያህል በዱላ አልቅሶ አያውቅም።

ወላጆችና አያቶች ምን እንይ?

ልጅ ከማስመዝገባችን በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠን እንይ። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል ቦታ ከሆነ እዚያው እንመለስ። አሰልጣኙ ራሱ ልጆቹን ያከብራል? ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ጋር ያጋጥማል? ፍልሚያ ሲኖር የራስና የጥርስ መከላከያ አለ? የተሳሳተን ልጅ ይመታል ወይስ ያስደግመዋል? ሴት ልጅ ስትማር ሌላ አዋቂ በአካባቢው አለ? ቀበቶ የሚሰጠው በፈተና ነው ወይስ በክፍያ? በየወሩ አዲስ ቀለም የሚያስር ልጅ ትዕግሥትን አልተማረም።

ለውጡም በሳምንት አይመጣም፤ በወራት ነው የሚታየው። ልጁ እንቅልፍ እስኪያጣ የሚፈራ ወይም ራሱንና ሰውን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ቴኳንዶ የሐኪምን ቦታ አይተካም። በአቅራቢያችን ቴኳንዶ ባይኖር ካራቴም ውሹም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዋናው የአሰልጣኙ ጠባይ ነው።

እማማ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ባለፈው ቅዳሜ ግን አዳራሹ ድረስ ሄደው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አይተዋል። ሲመለሱ ስለ እርግጫው ምንም አላሉም። «ጫማቸውን አሰልፈው ያስቀምጣሉ» አሉ። «ቤትም እንዲህ ያድርጉ፤ ያኔ እናያለን።»